ሴትዮዋ በየት ገባች

አክስቱ ሱቁ ድረስ የመጣችው ማክሰኞ ጠዋት፣ የብረት መዝጊያውን ገና ወደ ላይ ገፍቶ ሳይጨርስ ነበር። የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። ከዚያ እንደ ማንኛውም ደንበኛ፣ «ቁልፉን ቀይርልኝ» አለችው።

«የቱን ቁልፍ?»

«የበሬን ነዋ።»

«እትዬ፣ እሱን እኮ የቀየርኩልሽ የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። ከዚያ በፊትም አንዴ ቀይሬዋለሁ።»

«አውቃለሁ። ሴትዮዋ ግን ትናንትም ገብታለች።»

ቁልፍ ሠሪው ሳቅ አለ። እሷ አልሳቀችም።

«ምን ወሰደች?»

«ምንም አትወስድም። ዕቃ ታዛውራለች። መነጽሬን ስኳር ዕቃ ውስጥ አገኘሁት። ትናንት ደግሞ ሳህኖቼን አጥባ፣ ደርድራ ሄደች።»

«ሳህን አጥባ የምትሄድ ሌባ ካለችማ ወደኛም ቤት ላኪያት።»

«ቀልድህን ለሚስትህ አቆይላት» አለችና ተነሣች። «ከምሳ በፊት ና። ጠንካራ የሚሉት ዓይነት ይሁን።»

የሱቁ በር ላይ ቆሞ እስክትሻገር አያት። ቀጥ ብላ የምትሄድ ሴት ነበረች፤ አሁን ግን አስፋልቱን የምትረግጠው በረዶ ላይ እንደሚሄድ ሰው እየፈራች ነው። እንቅልፍ አጥታ ይሆናል አለ ለራሱ፣ ወደ ሥራውም ተመለሰ።

የእናቱ ታላቅ ናት። እናቱ ስትሞት እሱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ እሷ ደግሞ ሳታገባና ሳትወልድ ከሥራዋ ጋር የተጋባች ሴት ነበረች። ሥራዋ ስልክ ቤት ነው። ያኔ ሰው ከከተማ ከተማ ለመነጋገር ሲፈልግ መጀመሪያ ማዕከሉን ይጠራ ነበር። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ ወደ ሌላው እየሰካች ሠላሳ አራት ዓመት ሰውን ከሰው አገናኝታለች። «ማዕከል፤ ማንን ላገናኝዎት?» ስትል ድምፅዋ ማር ጠብ ይልበታል ይሉ ነበር የሰሟት። እሱ ግን ያን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም። ልጅ እያለ ቤታቸው ስልክ አልነበረም፤ እሷም ከሥራ ስትመለስ ያንን ድምፅ ከጃኬቷ ጋር መስቀያው ላይ ሰቅላው የምትገባ ይመስል ነበር። እሱ የሚያውቀው የቤቱን ድምፅዋን ነው፤ ወፍራሙን፣ «አንተ ልጅ፣ እግርህን ጥረግ» የሚለውን። ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ «ማዕከል» ይላታል፤ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ከምሳ በፊት መሣሪያውን ይዞ ሄደ። ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ሁለት ክፍል፣ ወጥ ቤትና አንዲት ጠባብ ዕቃ ቤት ያለው ነው። አሮጌውን ቁልፍ ፈታና መስኮቱ ጋ ወስዶ ተመለከተው። በግድ የተከፈተ ቁልፍ ይናገራል፤ የቀዳዳው ከንፈር ላይ ጭረት ይቀራል፣ ውስጡም ይላላል። ይኼኛው እንደ ሙሽራ ንጹሕ ነው። ከገዛ መክፈቻው በስተቀር ብረት አልነካውም።

«ማንም አልነካውም፣ እትዬ።»

«እኔስ ነካችው አልኩህ? ገባች ነው ያልኩህ።»

ብሎኑን በካቻቪቴ እያጠበቀ ሳለ ዓይኑ ቤቱን ዞረ። የሻይ ማንቆርቆሪያው ቂጡ ጠቁሮ ተጣሟል። ክብሪት ሲፈልግ መሳቢያውን ከፈተና አሥራ አንድ ያልተከፈተ ክብሪት አገኘ። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ የሌላ ሰው ልብስ መስሏል። ሁሉንም አየ፤ ለሁሉም ደግሞ ምክንያት ሰጥቶ አለፈው። ማንቆርቆሪያው አርጅቷል። ክብሪት በጅምላ ርካሽ ነው። በዚህ ዕድሜ ማን ይወፍራል? የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንዲሉ፣ በእግር ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ እየለያቸው፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሱንም ቆሞ ሻይ ፉት ብሎ ነበር የሚሄደው።

ሚስቱ የሕፃናት መምህርት ናት፤ ሰው የደበቀውን ከፊቱ ማንበብ ለምዳለች። ማታ ራት ላይ ነገራት።

«እትዬ ብቻቸውን መኖር ማቆም አለባቸው» አለች። «አምና ነግሬህ ነበር።»

«ዕድሜ ነው፤ የትኛው ሽማግሌ ነው መነጽሩን የማይጥል?»

«መጣልማ ሁሉም ይጥላል። እሳቸው ግን የጣልኩት እኔ አይደለሁም፣ ሌላ ሰው ነው እያሉህ ነው። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ሰውዬ።»

ራሱን ነቀነቀና ወደ ራቱ ተመለሰ።

ሐሙስ ዕለት ምሳውን በልቶ፣ አዲሱ መክፈቻ ጠጥሮባት እንደሆነ ሊጠይቃት ወደ ቤት ስልኳ ደወለ። ሦስት ጊዜ ጠራና ተነሣ።

«አቤት» አለ የሴት ድምፅ።

የአክስቱ ድምፅ አልነበረም። ለስላሳ ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ምናልባት የሠላሳ ዓመት ሴት ድምፅ። ቁጥር የተሳሳተ መሰለው።

«ይቅርታ፣ የማዕከል ቤት ነው?»

«አዎን፣ ነው።»

«እትዬን ፈልጌ ነበር።»

«እሳቸው ለጊዜው የሉም። ማን ደወለ ልበላቸው?»

እጁ ላይ የያዘውን ሞረድ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «አንቺ ማን ነሽ?»

በስልኩ ውስጥ የግድግዳ ሰዓት ሲቆጥር ይሰማል። ሰዓቱን ያውቀዋል፤ አራተኛውን ምት ትንሽ ዘግየት ያደርጋል፣ ልጅ ሆኖ በሱ ምት ነበር እንቅልፍ የሚወስደው። እንግዲያው ሴትዮዋ ያለችው እዚያው ቤት፣ እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው።

«እኔማ እዚሁ ነኝ» አለች። «ሌላ መስመር እየጠበቀኝ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ዘጋችው።

ሱቁን እንዴት እንደ ዘጋ አያስታውስም። ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለ ወጣ። በሩ በአዲሱ ቁልፍ ተቆልፏል፤ መክፈቻውም ከውስጥ እንደ ተሰካ ነው። ደበደበ። ከብዙ ቆይታ በኋላ የሚጎተት ጫማ ተሰማና በሩ ተከፈተ። አክስቱ ናት፤ ፀጉሯ ተበጥሮ በማስያዣ ተይዟል።

«አንተ ልጅ፣ በር ልትሰብር ነው?»

«ማን አለ እዚህ?»

«ማንም የለም።»

አልፏት ገባ። መኝታ ቤቱን አየ፣ አልጋው ሥር ጎንበስ አለ፣ ቁም ሣጥኑን ከፈተ፣ ዕቃ ቤቱን፣ ወጥ ቤቱን አየ። መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል፤ ቢከፈቱም ከሦስተኛ ፎቅ የሚዘል ወፍ ብቻ ነው። የስልኩን እጀታ ነካው፤ አሁን ከሰው እጅ እንደ ወረደ ይሞቃል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስኒ ሻይ አለ፤ ሁለቱም እስከ ግማሽ ተጠጥተዋል።

አክስቱ በጀርባው ቀርባ ክንዱን ያዘችው። «ሄደች?» አለችው በሹክሹክታ።

አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ መንፈስ፣ ጥላ፣ ዛር ሲሉት የሚስቅ ሰው ነው። ያን ዕለት ግን አልሳቀም። አክስቱን አመናት። ኋላ ላይ ሲያስበው እጅግ ያሳፈረው ይኼ ነበር፤ ከምትታመም ይልቅ ቤቷ ውስጥ ሰው ቢኖር ይሻለዋል፤ በሰውማ ላይ ቁልፍ ይገጠማል።

እናም ገጠመ። የሱቁን ምርጥ ቁልፍ አመጣ፣ ከላይና ከታች መወርወሪያ ጨመረ፣ በአንድ በር ላይ ሦስት መቆለፊያ ሆነ። መክፈቻው ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ ለሷ፣ አንዱ ለሱ። እስከ ማክሰኞ ከቤት እንዳትወጣ ለመናት፤ የሚያስፈልጋትን ዳቦና ወተት ራሱ ሊያመጣላት ተስማሙ። አመሻሽ ላይ እሷ መወርወሪያዎቹን ከውስጥ ከወረወረች በኋላ ከውጭ ቆለፈና፣ ከሚስቱ የስፌት ዕቃ የወሰደውን ቀጭን ጥቁር ክር ከበሩ ወደ መቃኑ ወጥሮ በሙጫ አጣበቀ። በሩ ቢከፈት ክሩ ይበጠሳል።

በማግስቱ ጠዋት ክሩ አልተበጠሰም። ውስጥ ግን ጠረጴዛው ለሁለት ሰው ተሰናድቷል፤ ሁለት ሳህን፣ ሁለት ሹካ።

በሦስተኛው ቀን ክሩ አልተበጠሰም። የአክስቱ ጫማዎች በሙሉ በር ላይ ተደርድረዋል፣ አፍንጫቸው ወደ ውጭ።

በአራተኛው ቀንም አልተበጠሰም። መስታወቱ ላይ በሳሙና አንድ ቃል ተጽፏል፤ «ዕረፊ» ይላል። ፊደሉ ያማረ፣ ቀጥ ያለ ነው።

«ማን ጻፈው፣ እትዬ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? እኔ እጄ እየተንቀጠቀጠ ስሜን እንኳ መጻፍ ካቆምኩ ቆየሁ።»

ሲወርድ የታችኛው ፎቅ ነዋሪ በሩ ላይ ቆሞ አገኘው። ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ ነው፤ አንድ ጆሮው ቢደነቁርም በሌላው ሁለት ጆሮ ካለው ሰው ይልቅ ይሰማል።

«አክስትህ ሰው አስጠግተዋል እንዴ?» አለው።

«ኧረ የለም፣ አባባ። ምነው?»

«ሁለት ሰው ነው የምሰማው። አንደኛዋ እግሯን ትጎትታለች። ሁለተኛዋ ፈጣን ናት፣ ተረከዟ ቀጭ ቀጭ ይላል። ደግሞ ይነጋገራሉ።»

«ምን ይላሉ?»

«ቃሉ አይገባኝም። ግን አንዷ ስትናገር አንዷ ዝም ትላለች። የሰለጠኑ ናቸው።» ሽማግሌው ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ የገረመኝ ነገር፣ ሁለቱን እግር በአንድ ጊዜ ሰምቼ አላውቅም።»

ይህን ለሚስቱ ሲነግራት የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ነበር። እስክሪብቶዋን ክዳኑ ውስጥ ከተተች።

«ክሩ ካልተበጠሰ የገባ የለም ማለት ነው።»

«እሺ፣ ስልኩን ማን አነሣው?»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለች። ከዚህ በላይ አልገፋችበትም። ገፍታበት ቢሆን ኖሮ ይጣላት ነበር፤ እሷም ይህን ታውቃለች።

በቀጣዩ ሳምንት ቅዳሜ ሱቁን አልከፈተም። «የዕቃ ቤቱ በር ማጠፊያው ወልቋል፣ ላስተካክለው» ብሎ ጠዋት አክስቱ ቤት ገባ፤ ዋናውን በርም በሦስቱም መቆለፊያ ከውስጥ ዘጋ። ማጠፊያው በርግጥ ወልቆ ነበር። አብረው ዳቦና ሾርባ በሉ። ከምሳ በኋላ እሷ መስኮቱ ሥር ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ እሱ ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለሰ። ብሎኑን አጥብቆ ሲጨርስ ዝም ብሎ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ሊደበቅ አላሰበም። በሩ በስንዝር ያህል ክፍት ነው፤ ከተቀመጠበት ሆኖ ሳሎኑን ያያል፣ እሷም ዞር ብትል ታየዋለች። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ እዚያ ሰው እንዳለ ረሳች። እንደ ረሳችው ያወቀው ለራሷ ማውራት ስትጀምር ነው። «ዛሬም አልመጣም» አለች መስኮቱን እያየች። «የሥራ ሰው ነው፤ ይመቸው።»

ፀሐይዋ ምንጣፉን አቋርጣ እግሯ ድረስ መጣች። አገጯ ደረቷ ላይ ወረደ፣ ያንቀላፋች መሰለ። ሰዓቱ ይቆጥራል። ከታች መንገድ ላይ መኪና ያልፋል።

ድንገት ቀና አለች።

ቀና ማለት ማንም ይላል። ይኼኛው ግን የተለየ ነበር፤ ወገቧ፣ ትከሻዋ፣ አንገቷ በየተራ ቀጥ ቀጥ እያሉ ወንበሩ ላይ የነበረችው አሮጊት በዓይኑ ፊት ሌላ ሰው ሆነች። ብድግ ብላ በፍጥነት ተራመደች። ጫማዋ አይጎተትም፤ ተረከዟ ወለሉን ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል። ከመስቀያው ግራጫ ጃኬት አውርዳ ለበሰች፤ ቁልፎቹን አንድ ሳትስት ቆለፈች። መስታወቱ ፊት ፀጉሯን አበጥራ አስያዘች። ከዚያ መስታወቱን ጎንበስ ብላ፣ ባልደረባ ባልደረባውን እንደሚያየው አየችውና፣ «በይ ሂጂ፣ ተራዬ ነው። ዕረፊ» አለችው።

ያ ድምፅ ነበር።

ቁልፍ ሠሪው ባልዲው ላይ ደርቆ ቀረ። ቀን ነው፤ ቤቱ በብርሃን ተሞልቷል፤ ከታች ሰዎች ሲሳሳቁ ይሰማል። የልጅነቱ ሳሎን ነው። ውስጡ ያለችውን ሴት ግን አያውቃትም።

ስልኩ ጋ ተቀምጣ እጀታውን አነሣች። «ማዕከል፤ ማንን ላገናኝዎት?» አለች። «ይጠብቁ። መስመሩ ተይዟል። አዎን ጌታዬ፣ እሞክርልዎታለሁ።» በእጇ አየሩ ውስጥ የማይታይ ገመድ ትነቅላለች፣ ትሰካለች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። በመሀል ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች፤ ስኒ ሲንኳኳ፣ የጋዝ ምድጃው ማዞሪያ ቀጭ ሲል ሰማ። ክብሪት ሲጫር ለመስማት ጠበቀ። አልተጫረም። «መጣሁ፣ መጣሁ» አለች ያልጮኸውን ስልክ፣ ተመልሳም ተቀመጠች። ከወጥ ቤቱ የእባብ ፉጨት የመሰለ ነገር ይሰማል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽታው መጣ።

ያኔ ከባልዲው ተነሣ። ሮጦ ማዞሪያውን ዘጋ፣ የወጥ ቤቱን መስኮት ወለል አደረገው። ሲዞር በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። አልደነገጠችም። ፊቷ የመሥሪያ ቤት ሰው ፊት ነው።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለችው።

ከልጅነቱ ጀምሮ «አንተ» ሳትለው የዋለችበት ቀን አልነበረም። ያ «እርስዎ» ደረቱ ላይ እንደ ድንጋይ አረፈበት።

«በሩ በሦስት መቆለፊያ ተዘግቷል» አለች። «በየት ገቡ?»

«ቁልፍ ሠሪ ነኝ» አለ። ሌላ የሚለው አልመጣለትም።

ፊቷ ፈታ አለ። «እሰይ፤ ሰው ልልክብዎት አስቤ ነበር። እዚህ ቤት አንዲት አሮጊት እየገባች ተቸግሬያለሁ።»

«ምን ዓይነት አሮጊት?»

«ምስኪን ናት፤ ክፋት የለባትም። ግን ዕቃዬን ታዘበራርቃለች፣ ምድጃውን ከፍታ ትረሳለች። ምሳ በልታ ምሳ አልበላሁም ትላለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ሳትበላ በልቻለሁ ትላለች። በቀደም ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት። የማን ቤት እንደሆነ ጠፍቷት።»

ቁልፍ ሠሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «እና ምን ላድርግ? ቁልፉን ልቀይር?»

አየችው፤ ሞኝ ጥያቄ የጠየቀ ደንበኛን እንደምታይ። «ቁልፍ ምን ይፈይድላታል? እሷ የሚያስፈልጋት ሰው ነው። እኔ ተራዬ ሲደርስ አያታለሁ፤ ሳህኗን አጥባለሁ፣ ለሷም ሻይ እቀዳለሁ። ግን ሥራ ላይ ነኝ፣ ለብቻዬ አልችላትም። ዘመድ የላትም?»

«አላት።»

«ታዲያ የት ነው ያለው?» አለች።

መልስ ሳትጠብቅ ወደ ስልኩ ዞረች። ሁለት እርምጃ እንደ ሄደች ቆመች፣ ግድግዳውን ደገፍ አለች። ትከሻዋ ሲወርድ፣ ወገቧ ሲታጠፍ አየ። ግራጫው ጃኬት በአንድ ጊዜ ሰፋባት። ስትዞር ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል።

«አንተ ልጅ፣ መቼ መጣህ?» አለችው በወፍራሙ ድምፅዋ። «በል መስኮቱን ዝጋው፣ ብርዱ ገባ።»

መስኮቱን አልዘጋም። ወንበሯ ድረስ ደግፎ ወሰዳት፣ ብርድ ልብስ ጭኗ ላይ አለበሳት፣ ደረጃው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ሚስቱ ጋ ደወለ። «ነይ» ብቻ አላት።

«መጣሁ» አለችው።

ሰኞ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ለስለስ ብላ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ቀን ለመጠየቅ ነው ይህን ሁሉ መንገድ ያስመጣሽኝ?» አለቻት አክስቱ። «ያውልሽ፣ ከኋላሽ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።»

ሐኪሟ ሳቀች፤ ቁልፍ ሠሪውም ሳቀ፤ ተስፋ ቢጤም ሽው አለው። ከዚያ ሰዓት እንድትስል ወረቀት ሰጠቻት። አክስቱ ክቡን ሳለች፣ ቁጥሮቹን ግን ሁሉንም በአንድ ጎን አከማቸቻቸው፤ ቀና ብላም ሰዎቹ ፊት ላይ ልክ መሆን አለመሆኗን ፈለገች። ያኔ የሚያስቅ ነገር አልቀረም።

ሐኪሟ ለብቻው አነጋገረችው። በሽታው የአእምሮ መድከም ነው፤ ይዘገያል እንጂ አይድንም። ሰው የገዛ ጥላውን፣ የገዛ እጁን ሥራ እንደ ባዳ የሚያይበት ጊዜ አለ፣ ብዙ ታማሚ ላይ አይተነዋል አለችው። «ለብቻቸው መኖር ያቆሙት ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«አላቆመችም።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ።»

ቤት ሲመለሱ እንዴት እንደሚጀምርላት አላወቀም። ሚስቱ ሻይ እያፈላች ጆሮዋን ወደ ሳሎኑ ጥላለች። ወንበር ስቦ አክስቱ ፊት ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ከንግዲህ ሰው አብሮሽ ይሁን። ቀን አንዲት አስታማሚ ትመጣለች፣ ማታ እኔ ወይ ሚስቴ እዚህ እናድራለን።»

«ሞግዚት ልትቀጥርልኝ ነው? እኔ እኮ ነኝ ያሳደግኩህ።»

«አዎ፣ አንቺ ነሽ።»

«ማነው ሰው ያስፈልጋታል ያለህ? ይህቺ ልጅ እግር ሐኪም?»

ሊዋሽ ይችል ነበር፤ አልዋሸም። «ሴትዮዋ ናት የነገረችኝ። ቅዳሜ አነጋግሬያት ነበር።»

ወጥ ቤት ውስጥ የማንኪያው ድምፅ ቆመ። አክስቱ ትክ ብላ አየችው። ቁጣም ድንጋጤም አልነበረባትም፤ የራሱን ስም ከሌላ ክፍል ሲጠራ እንደሰማ ሰው ታዳምጥ ነበር።

«ምን አለችህ?»

«ለብቻዬ አልችላትም አለችኝ።»

«እውነቷን ነው» አለች አክስቱ። ጣቶቿን አቆላለፈች፣ ፈታች። «ደክሟታል። እኔንም ደክሞኛል።»

በማግስቱ በሩ ላይ የገጠማቸውን ሁለት መወርወሪያዎች በገዛ እጁ ነቀላቸው፤ ውስጥ የወደቀ ሰው ከውጭ ካልተደረሰበት መወርወሪያ መቃብር ነው። ማንም ሰው የሚከፍተው አንድ ተራ ቁልፍ ብቻ አስቀረ። የጋዙን ምድጃ አስነሣ። የነቀላቸው የብሎን ቀዳዳዎች በሩ ላይ ቀርተዋል፤ በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ቀባቸው፣ ሆኖም ለሚያውቅ ዓይን ይታያሉ።

አስታማሚዋ ሆስፒታል ስትሠራ የኖረች፣ ወገበ ሰፊ፣ ተረበኛ ሴት ናት። የመጀመሪያዋን ሳምንት አክስቱ አላናግርም አለቻት። በሁለተኛው ሳምንት የምስር ሾርባዋ ጨው በዛው ብላ ተቆጣቻት፤ ከዚያ ወዲያ ተግባቡ። ያም ሆኖ ነገሩ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አልሄደም። ክረምቱ ሲገባ ቁልፍ ሠሪውና ሚስቱ የራሳቸውን የኋላ ክፍል አሰናድተው ወሰዷት። ቤቷን ስትለቅ በር ላይ ዞር ብላ፣ «እሷስ?» ብላ ጠየቀች።

«እሷም ትመጣለች» አላት።

እውነትም መጣች። ከሰዓት በኋላ አንዳንዴ የኋላ ክፍሉ ውስጥ ያ ለስላሳ ድምፅ ይሰማል፤ አንድን የማይታወቅ ሰው ከሌላ ከማይታወቅ ሰው ጋር ያገናኛል። መጀመሪያ ላይ ቁልፍ ሠሪው በሰማው ቁጥር የክንዱ ፀጉር ይቆም ነበር። ሚስቱ ግን ገብታ፣ «እንዴት ዋሉ? ሥራ በዛብዎት ዛሬ?» ትላታለች፤ ሴትዮዋም በትሕትና ትመልሳለች። ቀስ በቀስ እሱም ለመደ። በሩን አንኳኩቶ ይገባል፣ «ቁልፍ ሠሪው ነኝ» ይላል፣ ወንበር ትሰጠዋለች። ስለ አሮጊቷ ይጠይቃታል፤ በልታ እንደሆነ፣ የት እንደሚያማት። ሁሉንም ትነግረዋለች። አክስቱ ራሷ አመመኝ የምትል ሴት አይደለችም፤ የግራ ጉልበቷ እንደሚያማት እንኳ ያወቀው ከሴትዮዋ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ሴትዮዋ መምጣቷን ቀነሰች፣ ከዚያም ጭራሽ ቀረች። አክስቱም ቃላት ጠፉባት። ቀኑን ሙሉ ጓሮው ውስጥ ተቀምጣ እጇን ታያለች።

አንድ እሑድ ጠዋት አጠገቧ ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠላት ነበር። ሳምንት ሙሉ አልተናገረችም። አንዱን ክፍል ተቀበለችው፣ አልበላችውም። ዓይኖቿ ጠርተዋል።

«ፈርተኸኝ ነበር?» አለችው።

እጁ ቆመ። ስለ የቱ ጊዜ እንደምትጠይቀው አልጠየቃትም።

«አዎ» አላት።

«እኔም» አለች።

ብርቱካኗን ጎረሰች፣ ቀስ ብላ አኘከች። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ አርፋ ነበር፤ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ በእጇ ምልክት ሰጠችው፣ እሱም ተነሥቶ ወንበሯን ወደ ጥላው ሳበላት።